ክኒንና እንጀራ

የአእምሮ ሕመም በሥነ ጽሑፋችንና በመድረካችን ላይ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ጸጉሩ የተንጨፈረረ፣ ጨርቁን የጣለ፣ በአደባባይ ብቻውን የሚናገር ሰው በድርሰቱም በቴአትሩም ብቅ ይላል፤ አንዳንዴ ለማሳቅ፣ አንዳንዴም ሌላው ሊናገረው ያልደፈረውን እውነት ለመናገር። ይህ ሰው ከመጋረጃው በስተጀርባ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ተመልካቹ አይጠይቅም፤ ደራሲውም አይነግረውም። ታክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ፣ በየማታው ክኒን የሚውጥ፣ በማግሥቱ ተነሥቶ በሥራ ገበታው ላይ የሚገኝ ሰው ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲቀርብ እምብዛም አይታይም። የሕመሙ ታሪክ ጩኸት ስላለው ይሰማል፤ የመድኃኒቱ ታሪክ ግን በጓዳ ተጀምሮ በጓዳ የሚያልቅ በመሆኑ ሰሚ አላገኘም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። በሽታውን ገልጦ መድኃኒት ያገኘ ሰው ሌላ የሚደብቀው ነገር ሊገጥመው እንደሚችል አይናገርም። ይኸውም መድኃኒቱ ራሱ በአካሉ፣ በገበታው፣ በሥራውና በክብሩ ላይ ያመጣው ለውጥ ነው። ይህ ሁለተኛው መደበቅ የሚያስከትለው ጉዳት ከመጀመሪያው የማይተናነስ መሆኑን በባሌ፣ በጎሮ ከተማ የሚኖር የአንድ መምህር ሕይወት ያስረዳል።

ጎሮ ከሮቤ ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት የሚጓዝ ሰው ያልፍባታል። ዙሪያዋ የእህል አገር ነው። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ አንዱን ወቅት «ገና»፣ ሌላውን «ቦና» ይለዋል። በሮቤና በሲናና ሜዳዎች ላይ ስንዴውና ገብሱ ሲደርስ ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ይዘዋወራል፤ በጎሮ ገበያ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ድንብላል በጆንያ ተደርድሮ ይታያል። እንዲህ ባለ አገር ስለ ረሃብ መናገር ያለ ቦታው የተነሣ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የሚተረከው ረሃብ ዝናብ በመቅረቱ የመጣ አይደለም፤ አንበጣም አላመጣውም። በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ተቋጥሮ፣ ከሐኪም ትእዛዝ ጋር ወደ ቤት የገባ ረሃብ ነው።

መምህሩ የአማርኛ ቋንቋ አስተማሪ ነው። ከእናቱ፣ ከታናሽ ወንድሙና ከታናሽ እህቱ ጋር ይኖራል። እናቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው ጥቂት መሬት ላይ ገብስና ስንዴ ያሳርሳሉ፤ የጎደለውን የሚሞላው የልጃቸው ደመወዝ ነው። መምህሩ የትምህርት ቤቱን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ያቋቋመ፣ በወላጆች በዓል ቀን ግጥም የሚያነብ፣ ተማሪዎቹንም ለንባብ የሚያዘጋጅ ሰው ነበር። በ2003 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሳለ ከኋላው ስሙን የሚጠራ ድምፅ ይሰማው ጀመር። ዘወር ሲል ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ድምፁ ቀስ በቀስ ስም መጥራቱን ትቶ መሳደብ ያዘ፤ ቆየት ብሎም ባልደረቦቹ ሊያጠፉት እንደ መከሩ ይነግረው ጀመር።

ቤተሰቡ በቅድሚያ ያደረገው በአካባቢው ማንኛውም ቤተሰብ የሚያደርገውን ነው። ቁርአን ተቀራለት፤ ዱዓ ተደረገለት። ዱዓ ያደረጉለት አባትም ጸሎቱ ሐኪም ቤት ከመሄድ የሚከለክል አለመሆኑን ለእናቱ አስረዱ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አጎቱ ይዞት ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄደ። ከበሩ ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዙ ስለ ነበረ ምርመራው አጭር ሆነ። «ይህ ጠዋትና ማታ ይዋጥ፤ እንዳያቋርጥ፤ በወሩ ይመለስ» ተባለ። የተባለው ሁሉ ትክክል ነበር። ክኒኑ ከሕመሙ ሌላ በሰውነቱ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን አልተነገረውም።

የታዘዘለት ክኒን ሃሎፔሪዶል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ቤልጅግ ውስጥ በፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ የተገኘ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ማለቂያ፣ ሮን-ፑሌንክ በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን ተቀምሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ዣን ዴሌና ፒየር ዴኒከር የተባሉት ሐኪሞች በፓሪስ ሳንት-አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተውት ያገኙት ውጤት የሕክምናውን መንገድ ለወጠው። ከዚያ በፊት የአውሮፓም ሆነ የአፍሪካ ሕመምተኛ ዕጣ ከግድግዳና ከእግር ብረት ብዙም አይርቅም ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች ብዙ ሰዎችን ከታሰሩበት አስፈትተዋል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ውለታቸውን ሳያስታውስ ጉዳታቸውን ቢዘረዝር ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

በአገራችንም በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከባሌም ሆነ ከወለጋ፣ ከጎንደርም ሆነ ከሐረር የሚመጣ ሕመምተኛ ተስፋው እዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀመር አገልግሎቱ ወደ ክፍላተ ሀገር መውጣት ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር ተጀመረ። የጎሮው መምህር አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄድ ክኒን ማግኘት የቻለው በዚህ የሥራ ውጤት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ክኒኑን በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማታ የመምህሩ አንገት ወደ ግራ ተጠምዞ አልመለስ አለ። ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቀሉ፤ ምላሱ ከአፉ ውስጥ አልታዘዝ ብሎ ቃል ማውጣት ተሳነው። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ጂኒው አሁን ገና ራሱን ገለጠ» ያለም ነበር። ነገሩ ግን ከጂኒ ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። ሃሎፔሪዶል ድምፁን የሚያጠፋው ዶፓሚን የተባለውንና በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሰውን ንጥረ ነገር ሥራ በመግታት ነው። ይኸው ዶፓሚን ደግሞ የሰውነትን እንቅስቃሴ ከሚያስተባብሩት አንዱ ስለሆነ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ ጡንቻ ድንገት ሊገታተር ይችላል። አጎቱ በሌሊት መኪና ለምኖ ጤና ጣቢያ አደረሰው፤ አንድ መርፌ ተወጋ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተፈታ። ጡንቻ የሚያፍታታ አርቴን የተባለ ክኒንም ተጨመረለት።

አንገቱ ቢፈታም ሌላ ነገር ተከተለ። መቀመጥ አቃተው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ቀርቦለት እግሮቹ አላስቀምጥ ይሉታል፤ ተነሥቶ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳል። «ተቀመጥ እንጂ፤ ምን ያቅበጠብጥሃል?» ሲሉት ሕመሙ የተመለሰበት መስሎ እንዳይታይ ፈገግ ይላል። ይህም በሕክምናው የታወቀ፣ ስምም ያለው የመድኃኒቱ ውጤት ነው። ሳያውቅ የሚያየው ሰው ግን እብደት ይለዋል። ይህን ለሐኪሙ በማስረዳቱ በኅዳር ወር ሃሎፔሪዶሉ ቀርቶ ክሎርፕሮማዚን ታዘዘለት።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ መምህሩ ድምፁ አለመኖሩን አስተዋለ። መቼ እንደ ሄደ አላወቀም። በወፍጮ ቤት አጠገብ የኖረ ሰው ወፍጮው ሲቆም ዝምታውን እንደሚሰማ፣ እሱም በዚያ ማለዳ ዝምታውን ሰማ። ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ያገኘውን ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰላም አለ። እናቱ ከደጃፍ ቆመው እስኪታጠፍ ድረስ አዩት። መድኃኒቱ ሠርቷል።

ለዚህ ሰላም የሚከፈለው ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ አልነበረም፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚቆረጥ ነበር። ጠዋት ከእንቅልፍ መንቃት ከጉድጓድ የመውጣት ያህል ሆነበት። አፉ ስለሚደርቅ በየምዕራፉ ውሃ ሳይጎነጭ ማስተማር አልቻለም። ጠመኔ የያዘች እጁ ትንቀጠቀጥ ስለ ነበር በሰሌዳው ላይ የሚጽፋቸው ፊደላት እግራቸው ይጣመም ጀመር። በጥር ወር የእናቱን እህል ለመሰብሰብ ማሳ ላይ ውሎ ሲመለስ ፊቱና አንገቱ እንደ እሳት ተቃጥሎ ተላጠ፤ ክሎርፕሮማዚን ቆዳን ለፀሐይ ስስ እንደሚያደርግ፣ ባርኔጣ ማድረግ እንደሚገባም አልተነገረውም ነበር። እንቅልፉን ለመታገል ጫት እንዲቅም የመከሩት ወዳጆችም ነበሩ። ጫት ዶፓሚንን የሚያነሣሣ፣ ክኒኑ ደግሞ የሚገታ በመሆኑ፣ ምክሩ እሳቱን እያጠፉ ጭራሮ መጨመር ነበር። ደግነቱ አልተቀበላቸውም።

ረሃቡ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ጤነኛ ሰው ሲርበው ሆዱ ይነግረዋል፤ ሲጠግብም ሆዱ ይነግረዋል። ክሎርፕሮማዚን በአንጎል ውስጥ ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ጥጋብን የሚያሳውቁበትን መንገድ ስለሚዘጋ፣ መምህሩ የመጀመሪያውን መልእክት ይሰማል፤ ሁለተኛው ግን አይደርሰውም። በልቶ ከገበታ ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጁ ወደ ቆሎው ይሄዳል። ሌሊት ነቅቶ በጨለማ የዳቦውን መሶብ ይዳስሳል። በዕረፍት ሰዓት ሌሎች መምህራን አንድ ዳቦ በሻይ ሲቀምሱ እሱ ሦስት ይጨርሳል፤ አራተኛውን ለመጠየቅ ግን ያፍራል። «ሆድ ካገር ይሰፋል» የሚለው አባባል የሰውን ቻይነት ለማመስገን የሚነገር ነው። በዚያ ቤት ግን ቃሉ እንደ ተነገረ ተፈጸመ።

ቤቱ ሀብታም ቤት አልነበረም፤ የተራበ ቤትም አልነበረም። በልክ የሚኖር ቤት ነበር። በልክ የሚኖር ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ አፍ ሲመጣበት ወዲያው ያውቃል። ቀድሞ ሁለት ወር ያደርስ የነበረው አንድ ኩንታል ስንዴ አርባ ቀን ሳይሞላው ማለቅ ጀመረ። ለመድኃኒቱ የሚወጣው ብር በወሩ የቤት ወጪ ሲደለደል ይታያል፤ መድኃኒቱ የሚያስበላው እህል ግን በማንም ሰነድ ላይ አይመዘገብም። መምህሩ ይህን ያስላ የነበረው ብቻውን ነው። ክብደቱ እየጨመረ ሲሄድ ሰዎች «ተመቸህ፤ አማረብህ» ይሉታል፤ ለሚሰማው የምስጋና ቃል ነበር፤ እሱ ግን ከእናቱና ከታናናሾቹ ገበታ የተወሰደ ሥጋ እንደ ተሸከመ ይሰማው ነበር።

በሰኔ ወር፣ የዱሮው እህል አልቆ የገናው ምርት ገና ባልደረሰበት ጊዜ፣ አንድ ማታ ታናሽ እህቱ «እማዬ፣ ዛሬም ጎረቤት በላሽ?» ስትል ሰማ። እናቱም «አዎ፤ እነሱ ዘንድ ቀማምሻለሁ» ሲሉ መለሱ። ጎረቤት እንዳልበሉ ልጅቱም ታውቅ ነበር፤ መምህሩም በዚያች ሌሊት አወቀ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ክኒኑን ከምላሱ ሥር ይዞ ወደ ደጅ ይወጣና ይተፋዋል። ይህን ያደረገው ሕክምናውን ንቆ፣ ወይም ሐኪሙን ጠልቶ አልነበረም። የቤቱ ታላቅ ልጅ በመሆኑ፣ ከታላቅ ልጅ የሚጠበቀውን ያደረገ መስሎት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሳኔው ትክክል መሆኑን የሚመሰክሩ ይመስሉ ነበር። ረሃቡ ሰከነ። ጠዋት ቀልጠፍ ብሎ መነሣት ጀመረ። እጁ ጸናች፤ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት በጥሩ ጽሕፈት አርሞ መለሰ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ስንኝ ያልመጣለት ሰው በአንድ ሳምንት ሦስት ግጥም ጻፈ። ክኒኑን የሚያቋርጥ ሰው የሚታለለው በዚህ ወቅት ነው። የመድኃኒቱ ጫና ቶሎ ይለቃል፤ ሕመሙ ግን ወዲያው አይመለስም። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍት ጊዜ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል።

በሐምሌ ወር ረመዳን ገባ። መምህሩ ሌሊቱን በስግደትና በቁርአን ያሳልፍ ጀመር፤ ቀን ይጾማል፤ ሌሊት አይተኛም። ሰውም ያመሰገነው ለዲን የተጋ መስሎት ነበር። እንቅልፍ ማጣት የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት መሆኑን የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ አልነበረም፤ ቢኖርም ኖሮ በጾም ወር ሌሊት ነቅቶ የሚሰግድን ሰው ማን «ታመሃል» ይለዋል? ጾሙ በነሐሴ አጋማሽ ተፈታ። በዒዱ ዕለት እናቱ ያላቸውን ሁሉ አዘጋጅተው፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ ጭምር አቀረቡ። ወራት ሙሉ በዚያ ቤት እንጀራ የማይበቃው ልጅ እጁን ሰብስቦ «ምን ጨመራችሁበት?» ሲል ጠየቀ። ድምፁ ተመልሶ ነበር፤ ምግቡ ተመርዟል እያለ ይነግረው ነበር። እናቱ ከጭኮው አንሥተው ቀድመው ቢጎርሱም አላመናቸውም።

ዳግመኛ ወደ ሆስፒታል በተወሰደ ጊዜ የተቀበሉት በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ አንድ ነርስ ነበሩ። መድኃኒቱን መቋረጡን ከአጎቱ ሰሙ። እንደ ሌላው ጊዜ «ለምን አቋረጥክ?» ብለው አልገሠጹትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መምህሩ ረጋ ሲል፣ ወንበራቸውን ቀረብ አድርገው «መምህር፣ ክኒኑን ሲወስዱ ምን ይበላሉ? ቤት ውስጥስ ስንት ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁት። መምህሩ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «ሲስተር፣ የማልጠግበው እኔ ብቻ ነኝ?» አለ። «አይደሉም፤ መድኃኒቱ ነው እንጂ የእርስዎ ሆዳምነት አይደለም» አሉት። አጎቱ እንደሚለው የወንድሙ ልጅ ከታመመ ወዲህ ሲያለቅስ ያየው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ነርሷ የተናገሩት ከራሳቸው የሥራ ልምድ ብቻ የመነጨ አልነበረም። በጉራጌ ምድር፣ በቡታጅራና በአካባቢዋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተዋል፤ ለዓመታትም ተከታትለዋል። በዚያው አካባቢ ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው ሕሙማንን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ባለሙያዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ሰዎች መድኃኒት የሚያቋርጡት ለምን እንደ ሆነ ይመረምራል። ከተሰጡት ምክንያቶች ጎልቶ የወጣው መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን የምግብ ፍላጎት የሚያስታግሥ በቂ ምግብ አለመኖሩ ነው። በሶዶ ወረዳ የተካሄደ ሌላ ጥናትም ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤተሰብ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ለምግብ እጥረት የተጋለጠ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ ግኝት በጥልቀት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በበለጸጉት አገሮች ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ሲነገር የሚሰማው ቅሬታ በአብዛኛው መወፈር ነው፤ ምግብ በሞላበት ቤት የምግብ ፍላጎት መጨመር የሚያመጣው ጣጣ ውፍረትና የስኳር በሽታ ነውና። ምግብ በልክ በሆነበት ቤት ግን ይኸው ውጤት የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል፤ ማን ይብላ፣ ማን ይጦም የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ የመድኃኒትን ውጤት ከሚወስደው ሰው ኑሮ ነጥሎ መመዘን አይቻልም።

የመምህሩ ሕክምና ከዚያ በኋላ የተስተካከለው በታላቅ ግኝት ሳይሆን በትንንሽ ነገሮች ነው። የመድኃኒቱ መጠን ቀስ በቀስ፣ በክትትል ተቀነሰ። በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰድ የነበረው ተሰብስቦ ማታ ብቻ እንዲዋጥ ተደረገ፤ እንቅልፉም በሌሊቱ ላይ ወደቀ። የጾም ወር ሲመጣ ክኒኑ ከኢፍጣር በኋላ እንዲወሰድ ተወሰነ። እናቱ ተጠርተው ሁሉም ነገር በግልጽ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ሆድ የሚይዝ ነገር፣ ማለትም ቅንጬ፣ ባቄላና ጎመን፣ በገበታው ላይ በረከተ፤ የቆሎው ጣሳም ለሌሊት ከራስጌው ይቀመጣል። እናትም ጎረቤት መብላታቸውን አቆሙ። አጎትየው ከቦናው ምርት አንድ ኩንታል በየዓመቱ ይጨምርላቸዋል፤ «ይኼ የመድኃኒቱ ድርሻ ነው» እያለ።

ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። መምህሩ ሲጽፍ እጁ ዛሬም ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ግጥሙም እንደ ቀድሞው አይጎርፍም። ሕመሙ ከባድ በነበረ ጊዜ ቃላት በራሳቸው ይመጡ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱን ስንኝ ቆፍሮ ማውጣት አለበት። ይህ የመድኃኒቱ ሥራ ይሁን፣ የሕመሙ ጠባሳ ይሁን፣ ወይም ሰው ሲበስል የሚመጣ ዝግታ ይሁን ለይቶ መናገር ያዳግታል። ክኒኑን ባቋረጠበት ሰሞን የጻፋቸውን ሦስት ግጥሞች ኋላ አውጥቶ ሲያነብባቸው ሁለቱን ራሱም ሊረዳቸው አልቻለም። ሦስተኛው ጥሩ ነበር። ያንን አንዱን ግጥም በክበቡ አንብቦታል፤ ሁለቱን ግን አልቀደዳቸውም።

ኪነ ጥበብ ከሕመም ይወለዳል የሚለው አስተሳሰብ በከያንያን ዘንድ የቆየ ነው። ብዙ ወጣት ጸሐፊ ክኒኑ የፈጠራ ችሎታዬን ይገድላል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም ሊባል አይችልም፤ ስሜትን የሚያደበዝዝ መጠን አለና። ነገር ግን መልሱ መድኃኒቱን መወርወር ሳይሆን ስለ መጠኑ መነጋገር ነው። ሰው ለሐኪሙ «ድምፁ ጠፍቷል» ብቻ ሳይሆን «ግጥሙም ጠፍቷል» ብሎ መናገር መቻል አለበት። ሐኪሙም ይህን እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ሕክምናው ክፍል ሊቀበለው ይገባል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አንጥረኛ፣ እንቅልፍ የሚጥለው ዘበኛ፣ ፀሐይ የሚያቃጥለው ገበሬ ሁሉ የየራሱ «ግጥም» አለው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሁሉም የሥራ ድርሻ የሚሰጥ ነው። የቀበሌና የወረዳ ኃላፊዎች የእርዳታ ዝርዝር ሲያዘጋጁ፣ በየቤቱ መድኃኒት እየወሰደ ጤነኛ የሚመስለውን ሰው ቤተሰብ ሊዘነጉት አይገባም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሕክምናው ወጪ እንደሚደርስ ሁሉ፣ ክኒኑ የሚያስበላውን እህል የሚያስብ ሰው ደግሞ በየአካባቢው ያስፈልጋል። መምህራን በክፍላቸው የሚያንቀላፋውን ተማሪ ሰነፍ ከማለታቸው በፊት የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ በለሆሳስ ይጠይቁት። ከያንያንም በመድረክ ላይ እብዱን ካስጮኹት በኋላ አንድ ትዕይንት ይጨምሩ፤ ይኸው ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ክኒኑን በአንድ እጁ፣ ቁራሽ እንጀራውን በሌላው ይዞ የሚያሳይ።

ሕክምናን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ደግሞ ሊፈጽሙት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። በሕመምተኛው ካርድ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የቀጠሮው ቀን ይጻፋል። ከእነዚህ ሥር አንድ መስመር ይጨመር፦ «በቤት ውስጥ የሚበላ አለ?» የሚል። መልሱ የለም ከሆነ የመድኃኒት ትእዛዙ ገና አልተጠናቀቀም ማለት ነው።